ፖሊሱን በነጠላዋ ጫፍ ያሰረችው ጌጤ

ጌጤን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣሻል ብትሏት ከብር አትጀምርም፤ ከጉሮሮዋ ነው የምትጀምረው። "ፓፓያ! የሮቢት ፓፓያ! ስኳሩን እግዜር ራሱ ጨምሮበታል!" እያለች ስትጣራ ትውላለች። ማታ ለባሏ ለሀይሉ የሚተርፈው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሀይሉ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ሞተር ሲጮህበት ውሎ ስለሚገባ ሹክሹክታውን እንደ ጸጋ ይቀበለዋል። ከጉሮሮዋ ቀጥሎ ቀኝ ክንዷ አለ። ትሪውን ወደ አውቶቡስ መስኮት ሽቅብ ሲያነሳና ሲያወርድ ይውላል፤ ማታ ሻማ የያዘ ይመስል ተገትሮ ይቀራል። ከዚያ ውሃው አለ፤ ግማሹ ለፓፓያው፣ ግማሹ ለእሷና ለልጇ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትዕግሥቷ ነው። "ይጣፍጣል?" ብሎ አንድ ቁራጭ ቀምሶ፣ ከንፈሩን ጠርጎ፣ "እንግዲህ ከደሴ ስመለስ" ለሚላት ተሳፋሪ ፈገግ ማለት አለባት። ያ ተሳፋሪ ከደሴ ሲመለስም ቀምሶ "እንግዲህ ወደ ደሴ ስሄድ" ይላታል።

ይህን ሁሉ ስትደምሩት ቀኑ ውድ ነው። ምንም የማያስወጣት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጥላዋ።

ጥላው ከአስፋልቱ ዳር፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ ነበር። ቋሚዎቹን የግራር እንጨቶች አባቷ አቶ ደምሴ ናቸው ከቀወት ገጠር በአህያ ጭነው ያመጡላት። ጣሪያው የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ከላዩ ያረጀ ሰሌን ተደርቦበታል። ከሥሩ ፓፓያው ይደረደራል፤ በማንጎ ሣጥን ውስጥ ጨርቅ ተነጥፎላት ደግሞ ገና ጥርስ ያላወጣችው ብሌን ትተኛለች። በአንዱ ጥግ ለውዝ የምትሸጠው ከዲጃ ትቀመጣለች። ከዲጃ የጥላውን ኪራይ የምትከፍለው በወሬ ነው፤ ከአጣዬ እስከ ማጀቴ ማን እንዳገባና ማን እንደተፋታ ጌጤ የምትሰማው ከእሷ ነው። ጌጤም ስለ ኪራዩ አንድ ቀን ቅር ብሏት አያውቅም።

የሮቢትን ፀሐይ ደግሞ የማያውቅ የለም። ከጣርማ በር ዋሻ ጋቢውን ተከናንቦ የወረደ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ሸሚዙን የት እንደሚያወልቅ ይጨንቀዋል። ጥላ የሌለው ፓፓያ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሾርባ ይሆናል። ጥላ የሌላት ሕፃንስ? ጌጤ ልጇን የሚይዝላት ሰው የላትም፤ ጥላው ካለ ትሠራለች፣ ጥላው ከሌለ ልጇን ይዛ ቤቷ ትቀመጣለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረዘመ አይደለም።

በ1999 ግንቦት ላይ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ይል ነበር። አጥሩ ኖራ ይቀባል፤ ዛፉ ኖራ ይቀባል፤ ከዲጃ እንደምትለው አንድ ቦታ ብዙ የቆመ ሰውም ኖራ ሳይቀባ አይቀርም ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ እንግዳ ወደ ደሴ ሲያልፍ ከተማዋን ያያል ተባለ። እንግዲያው መንገድ ዳር የተዘረጋው ሁሉ ይነሣ ተባለ። ይህን እንዲያስፈጽም የተላከው ኮንስታብል ታከለ ነው።

ታከለ ክፉ ሰው አይደለም። ከጌጤ አገር ማዶ፣ ከአንድ ወንዝ ባሻገር ያደገ፣ ረጅምና ቀጭን ልጅ ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ዓይኑን የሚጨፍን ፖሊስ ከእሱ ሌላ ታይቶ አይታወቅም። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲያስነሣ፣ ሰው ሲሰድበው ውሏል። ከጥላው ሲደርስ ከዲጃ ለውዟን ሰብስባ ተነሣች፤ እጇ ሲሰበስብ አፏ አላረፈም። ጌጤ ግን ልጄ አሁን ነው የተኛችው፣ እስክትነቃ ታገሠኝ፣ ስትነቃ ራሴ አፈርሰዋለሁ አለችው። ታከለም ሰዓቱን አየ፣ ሕፃኗን አየ፣ ሊታገሣትም ነበር። በዚህ መሐል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አንገቱን በመስኮት አወጣና "ታከለ! ሴት አሸነፈችህ!" ብሎት አለፈ። መንገዱ ዳር ያለው ሁሉ ሳቀ።

ጥላውን ያፈረሰው ትእዛዙ አይደለም፤ ያ ሳቅ ነው። ታከለ አንዱን ቋሚ ነቅሎ ሳበው፤ ሰሌኑም ከረጢቱም ፓፓያው ላይ ተከነበለ። ብሌን ደንግጣ ነቃች። ጌጤ ሰሌኑን ገልጣ ልጇን አነሣች፤ ደግነቱ የሣጥኑ ጠርዝ ጠብቋት ምንም አልነካትም። ታከለ ግን አንዴ ጀምሯልና እንጨቶቹን በጉልበቱ ላይ እያደረገ ይሰባብር ጀመር። አንደኛው ግራር አልሰበር ብሎ በአንድ እግሩ ሲያዘልለው ሰው ጨርሶ በሣቅ ተንከባለለ። በመጨረሻ ረግጦ ሰበረው።

እንግዳውስ? ብላችሁ እንደሆነ፣ መስኮታቸው የጠቆረ መኪኖች ከሰዓት በኋላ እንደ ነፋስ አለፉ። ከዲጃ ግን ሰውዬው ተኝቶ እንደነበረ በአላህ ስም ትምላለች።

ጌጤ አላለቀሰችም። "ጥላዬን ይመልስልኝ" ብቻ አለች። ሰው ሁሉ ይመክራት ጀመር። ፖሊስ ተከሶ ያውቃል ወይ? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማሽም ወይ? ጌጤም "ታከለ ደግሞ መቼ ነው የነገሠው? ትናንት ከከዲጃ ለውዝ ሲለምን አልነበረም እንዴ?" አለችና በማግስቱ ልጇን አዝላ ወደ ጣቢያው ሄደች።

ጣቢያው በራፍ ላይ "አቤቱታዎን በነፃነት ያቅርቡ" የሚል ተለጥፏል። ጌጤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና አነበበችው፤ ደስ አላት። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን አቤቱታ የሚቀበለው ተረኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታከለ። ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯል።

"አመልካች?" አለ ቀና ሳይል።

"ጌጤ ደምሴ።"

"ተጠርጣሪ?"

"ታከለ። የአባትህን ስም አንተው ሙላው።"

ታከለ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀና አለ። አቀረቀረ። ተነሥቶም አለቃውን ኢንስፔክተር ግርማን ጠራቸው።

ኢንስፔክተር ግርማ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ የማይፈታው ነገር አለ ብለው አያምኑም። ጌጤን በትሕትና ሰምተው፣ ጉዳዩን በግምገማ እናየዋለን አሏት። እሷም ጠበቀች። ግምገማው ተካሄደ። ታከለ ተነሥቶ ግለ ሂስ አደረገ፤ በሕዝብ ግንኙነት ረገድ ጉድለት ታይቶብኛል አለ፤ ጓዶቹም ሂስ ሰነዘሩበት፤ እሱም ሂሱን ተቀበለ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ኢንስፔክተሩ ይህን ሲነግሯት ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ሂሱን ከተቀበለ መልካም ነው ጋሼ ግርማ" አለቻቸው ጌጤ። "እኔ ግን እንጨቴን አልተቀበልኩም።"

ከዚያ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ሄደች። ዐቃቤ ሕጉ ፖሊስ ያጣራውን የምርመራ መዝገብ ይዘሽ ነይ አላት። ፖሊስ ጋ ስትመለስ ዐቃቤ ሕግ ካላዘዘን አናጣራም አሏት። ሁለቱ ቢሮዎች ፊት ለፊት ናቸው፤ ጌጤ በመሐላቸው ያለውን ግቢ ስታቋርጥ ሣሩ መንገድ አወጣ። በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤቱ ዘለቀች። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ያለ ክስ መዝገብ አይከፈትም አላት። ስትወጣ ደግሞ ከኋላዋ፣ እግረ መንገዱን፣ ዶሴ እያገላበጠ፣ "ለማንኛውም የፖሊስ ጉዳይ እዚህ አይታይም፤ ደብረ ብርሃን ነው" አለ።

ጌጤ ደብረ ብርሃንን የምታውቀው በተሳፋሪው ጋቢ ነው። ሰው በግንቦት ጋቢ ለብሶ ከሚወርድበት አገር ልጅ አዝላ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ ዋሻውን አልፋ፣ ለቀጠሮ ልትመላለስ? የሰበረው ሮቢት፣ የተሰበረው ሮቢት፣ ዳኛው ብርድ ውስጥ! "ፍትሕ ደጋ ይወዳል ማለት ነው" አለቻት ለከዲጃ።

"ወላሂ እኔም ብሆን ይህን ፀሐይ ትቼ እሄድ ነበር" አለቻት ከዲጃ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ከበደ። ጌጤ በአንዱ ሆቴል ግድግዳ ጥላ ስትጠጋ ዘበኛው ያባርራታል። ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ የብሌን አንገት በሙቀት ሽፍታ ተሞላ። እንዲያ ሲሆን ረፋድ ላይ ትሪዋን ሰብስባ ቤቷ መግባት ጀመረች፤ አውቶቡሶቹ ደግሞ የሚቆሙት ለምሳ ነው። ሀይሉ ተዪው፣ እኔ ሌላ እንጨት እፈልግልሻለሁ አላት። እሷ ግን፣ ሌላ እንጨት ብተክል ነገ ሌላ ሾፌር አንገቱን ያወጣል፣ ታከለም ሌላ ጉልበት አያጣም፤ መጀመሪያ ሰው ይስማኝ አለችው።

በገበያው ቀን አባቷ ፓፓያ ጭነው መጡ። ጥላውን ሲያጡት ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። አቶ ደምሴ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሰሙና የድሮውን ያወሯት ጀመር። ድሮ ባላጋራህ ከዳኛ ፊት አልቆምም ካለ የሚያመጣልህ ፖሊስ የት አለ? ነጠላህን ከነጠላው ጫፍ ትቋጥርና በሕግ አምላክ ትለዋለህ። ቁራኛ ማለት ይኸው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ እንደተቋጠሩ፣ ስንቃቸውን እየተካፈሉ፣ ዳኛ ካለበት ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የፈታ በራሱ ላይ ፈረደ። አያትሽ አንድ ጭቃ ሹምን ቋጥረው ሦስት ወንዝ አሻግረውታል፤ በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል፤ ያ ግን ድሮ ቀረ አሉና፣ ምሳቸውን በልተው፣ አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

አባቷ ተረት አውርቼላት ሄድኩ ብለዋል። ጌጤ ግን መመሪያ ተቀበልኩ ብላ አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ታከለ ከከዲጃ ትሪ ላይ ጎንበስ ብሎ ለውዝ ይመርጣል። ጌጤ ልጇን አዝላ ከጀርባው መጣች፤ የነጠላዋን ጫፍ በደንብ ልብሱ ትከሻ ላይ ባለችው ማሰሪያ አሾለከችና ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ረጅም ስለሆነ እሱ ጎንበስ ባለበት ሰዓት መሆኑ በጃት።

"በሕግ አምላክ" አለችው። "ዳኛ ፊት እስክንደርስ እንዳትፈታው።"

ታከለ ቀና ሲል ነጠላው ተወጠረ፤ ጌጤም አብራ ተንጠለጠለች። ቋጠሮውን አየ። በአንድ ጣቱ ሊበጥሰው ይችል ነበር። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁ የአገሩ ሽማግሎች ተቀምጠው ነበር፤ በሕግ አምላክ የሚለውን ሲሰሙ አንደኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ሌሎቹም ተነሡ። ታከለ ምንም ፖሊስ ቢሆን የእነዚህ ሰዎች ልጅ ነው፤ ሕፃን ሳለ አጥር ጥሶ ከብት ሲያስገባ በዚህ ቃል ነው ሲያስቆሙት የኖሩት። እጁን ወደ ቋጠሮው ላከና መልሶ ሰበሰበው።

"ጌጤ፣ ፍቺኝ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሥራ ላይ ነኝ።"

"እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ" አለችው።

ከዲጃ ለውዟን በወረቀት ጠቅልላ በታከለ ኪስ ጨመረችለት። ለስንቅ ነው አለችው።

እንዲህ ሆነው ከተማዋን ያቋርጡ ጀመር። እሱ ሰፋ አድርጎ ሲራመድ እሷ ትሮጣለች፤ እሷ ስትቆም እሱ ወደ ኋላ ይጎተታል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጠጋ ብሎ፣ ለሙሽሮች በነፃ ነው አላቸው። ታከለ በውስጥ ለውስጡ መንገድ እንሂድ ብሎ ለመናት፤ ጌጤም አዘነችለትና እሺ አለችው። ምን ዋጋ አለው፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ የሚያልፈው በትምህርት ቤቱ በር ነው፤ የጠዋቱ ፈረቃ የተለቀቀውም ያኔ ነው። ተማሪው ሁሉ ከኋላቸው ተሰለፈ። አንዱ የታከለን ፊሽካ በአፉ እያስመሰለ፣ ዓይኑን እየጨፈነ ይነፋል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ብሌን ጀርባ ላይ ሆና ታለቅስ ጀመር። ጌጤ ነጠላዋን እንዳታለብሳት አንዱን ጫፍ ፖሊስ ይዟል። ታከለ ወደ ሕፃኗ ዘወር ሲል አንገቷ ላይ ያለውን ሽፍታ አየ። ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቃት። ጌጤ ወደ ፀሐይዋ በአገጯ አሳየችው። ታከለ ኮፍያውን አወለቀና በረጅሙ ክንዱ ከሕፃኗ ራስ በላይ ይዞ መራመድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹም ሳቃቸው ቀነሰ። ፍርድ ቤቱ በር እስኪደርሱ ድረስ ክንዱን አላወረደም።

ዳኛዋ ዮርዳኖስ ወጣት ናት፤ ሮቢት ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ በዚያ ጥቁር ካባ ውስጥ ሆና በዶሴ ታራግባለች። በሩ ተከፍቶ ፖሊስና ሴት በነጠላ ተቋጥረው፣ ከነሕፃናቸው ሲገቡ ማራገቧን አቆመች።

ጌጤ ሁሉንም ተናገረች፤ ጥላውን፣ ግምገማውን፣ ግቢ ውስጥ ያወጣችውን መንገድ። ዳኛዋ ሳታቋርጣት ሰማች። ከዚያ ወደ ቋጠሮው ተመለከተች።

"ይህ ነገር ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፈተና ጥያቄ ነበር" አለች። "በሕይወቴ አየዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።"

ይህን ስትል ኢንስፔክተር ግርማ እያለከለኩ ደረሱ። ክብርት ዳኛ ብለው ጀመሩ። የፖሊስ አባል ጥፋት የሚታየው በራሱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ደግሞም ታይቶ ተዘግቷል። ወንጀል ነው ቢባል እንኳ ሰውየው ሥራ ላይ ነበር፤ የፖሊስ ጉዳይ ደግሞ የሚሄደው ወደ ላይ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ነው፤ ይህ ችሎት ሥልጣን የለውም አሉ። ደብረ ብርሃን ሲባል ጌጤ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ታከለም አብሮ ዘንበል አለ።

ዳኛዋ አልተቆጣችም። እንዲነሣ የታዘዘበትን ደብዳቤ አሳዩኝ አለች። ኢንስፔክተሩ አሳዩ። አነበበችው። አንሡ ይላል፣ ስበሩ የሚለው የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀች። ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፤ አላገኙም።

"የደንብ ልብሱን ጉዳይ እናንተ ገምግሙት" አለች ዮርዳኖስ። "እንጨቱን የሰበረው ጉልበቱ ነው። ጉልበቱ ደግሞ በዚህ ወረዳ እንደሚኖር ሰው ጉልበት ሁሉ፣ የዚህ ፍርድ ቤት ነው። ከባድ ወንጀል ቢሆን ኖሮ ወደ ላይ የምልከው እኔው ነበርኩ። የወደቀው ግን የገበያ ጥላ ነው። ፍርድ ቤቱን የሚመርጠው የጥፋቱ ክብደት ነው እንጂ የተከሳሹ ኮፍያ አይደለም።"

ከዚያ ወፍራሙን የወንጀል ሕግ ገልጣ ወደ ታከለ ዘወር አለች።

"እዚህ ላይ ሕጉ 'ማንም ሰው' ብሎ ነው የሚጀምረው። እዚህም 'ማንም ሰው'። ከፖሊስ በቀር የሚል ፈልጌ አጣሁ። ኮንስታብል ታከለ፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ አይደለህም?"

ታከለ ኢንስፔክተሩን አየ። ኢንስፔክተሩ ጣሪያውን አዩ።

"ሰው ነኝ ክብርት ዳኛ" አለ።

"እንግዲያው ሥልጣን አለኝ" አለች።

ጌጤ በደስታ እልል ልትል ስትል ግን ዳኛዋ በእጇ አስቆመቻት። ሥልጣን አለኝ ማለት ፈረድኩ ማለት አይደለም፤ ያለ ክስ አልፈርድም አለች። ዐቃቤ ሕጉን አስጠራችው። ታከለ ያልሆነ ፖሊስ ያጣራና መዝገቡ ይቅረብ፤ አላጣራም የሚል ካለ አላጣራም ያለበትን ምክንያት ጽፎ ይስጣት አለች። ምክንያት ጽፎ መስጠት እንደ ማጣራት ቀላል አይደለምና ማጣራቱ ተመረጠ። ለጌጤም የድርሻዋን ነገረቻት። በዛሬ ሕግ ሰው ቋጥሮ ማምጣት የለም፤ የአባትሽ አገር ሕግ ክቡር ነው፣ ግን አልፏል፤ ደግመሽ ብታደርጊው አንቺም 'ማንም ሰው' ነሽና እዚሁ ትቆሚያለሽ አለቻት። ጌጤ ደነገጠች። እሷ እኮ ከሁሉም ይልቅ ሕጋዊ የሆነ ነገር ያደረገች መስሏት ነበር።

ቋጠሮውን ፍቺ ተባለች። ቋጠሮው ግን በላብ ርሶ ጠንክሮ እምቢ አለ። በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች። ታከለ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ አለላት።

"ቀስ በይ" አላት። "ሸሚዙ የመንግሥት ነው።"

ያኔ ዳኛዋ ፊቷን በዶሴው ሸፈነች። አራገበች ያሉም አሉ፣ ሳቀች ያሉም አሉ።

ክሱ ቀረበ፤ ችሎቱ በተሰየመበት ቀን ታከለ አልካደም። ምን አስሰበረህ ሲባል ሳቁብኝ አለ። እውነቱን ስለተናገረ ይሁን ወይም ጥፋቱ ቀላል ስለሆነ፣ ዳኛዋ ጥፋተኛ ነህ ብላ በተግሣጽ አለፈችው፤ ያፈረሰውን ጥላ ግን በራሱ እንጨት ይትከል ብላ ፈረደች። ጌጤ ከዚያ ቦታ ትነሣ የሚል ካለ ደግሞ በደብዳቤ ይንገራት፣ ጊዜም ይስጣት አለች።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ታከለ ያለ ደንብ ልብሱ፣ ከአባቱ እርሻ ያመጣውን ግራር ተሸክሞ መጣ። ቆፈረ፣ ተከለ፣ አሰረ። ሲጨርስ ጌጤ አየችው። ለራሱ ቁመት ነበር የተከለው፤ ጥላው ከሥሩ ለቆመ ቀጭኔ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ግን በጎን ገብታ ከብሌን ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ቁረጥ አለችው። ቆረጠ። ዝቅ አድርግ አለችው። ዝቅ አደረገ። ከዲጃ ከጥጓ ሆና፣ እንደገና ይከሰስ እንዴ፣ አሁን እኮ መንገዱን አውቀነዋል አለች። ታከለ መጀመሪያ ፊቱን አኮማተረ፤ ቀጥሎ ራሱ ሳቀ። የዚያን ዕለት ጌጤ የቆረጠችለትን ፓፓያ በልቶ፣ እግዜር በእውነትም ስኳር ጨምሮበታል ብሎ ሄደ።

ብሌን አሁን የጥላውን ቋሚ ተደግፋ ትራመዳለች። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ደብረ ብርሃን ነው ማለቱን ትቷል፤ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ሂዱ፣ እምቢ ካሉ እምቢታቸውን በጽሑፍ ጠይቁ ይላል። የተሰፋው ከረጢት ያው ነው፣ ሰሌኑ ተቀይሯል። ጌጤ ነጠላዋን አሁንም አንዳንዴ እያየች ትስቃለች፤ ጫፉ ከዚያ ቋጠሮ ወዲህ ተመልሶ አልተቃናም።

ይህን ታሪክ ልጽፈው እንደሆነ ስነግራት አንድ ነገር አደራ ብላኛለች፤ ለእናንተ ነው። ወሬው ከአጣዬ እስከ ደብረ ሲና ስለተዳረሰ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት እያወጣ "ታከለ፣ ማን ፈታህ?" ይለዋል። እሱም ፊቱ ይቀላል፤ የሚንቀሳቀስ ጉልበቱን ስታይ ጌጤ ለጥላዋ ትሰጋለች። "በሮቢት ስታልፉ ፓፓያ ግዙ አልላችሁም፤ የገዛ ይግዛ" ብላለች ጌጤ። "ታከለን ግን ተዉልኝ። ዳኛዋ አይታዋለች፣ ፈርዳለች፣ እሱም ተክሏል። በተሳፋሪ ሣቅ እንደገና የሚፈረድበት ከሆነ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተቋጥረን ዳኛ ፍለጋ የሄድነው ለምን ነበር? እባካችሁ፣ ሥልጣኑ የእናንተ አይደለም።"